ዘይት ውጪ ብቀይር ዋራንቲዬ ይቃጠላል ወይ?

የመኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ዋራንቲ ናቸው፣ በተለይ ዲሲ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካሉ ሹፌር ወንድሞችና እህቶች። ሁሉንም ማስገባት ስላልተቻለ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ኡበርና ሊፍት ነው የምሰራው። 2023 ካምሪ ሃይብሪድ አዲስ ከዲለር አውጥቼ አሁን 41,000 ማይል ገብታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘይት ቅያሪዎች ነፃ ስለነበሩ እዛው ዲለር ነው ያሰራሁት፣ ከዛ ወዲህ ግን ሰፈራችን ያለ የሀበሻ ጋራዥ ነው የምሄደው፣ ዋጋውም ይሻላል ሰውየውም ታማኝ ነው። ባለፈው ለጎማ ብዬ ዲለር ስሄድ ሰርቪስ ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አይቶ "ከ20,000 በኋላ እኛ ጋ ዘይት አልቀየርክም፣ ዋራንቲህ ይቃጠላል" አለኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ገና ብዙ እዳ አለባት። እውነቱን ነው? ደሞ ጓደኞቼ ሲንተቲክ ስለሆነ በየ10,000 ማይል ይበቃል ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘይት ውጪ ስለቀየርክ ብቻ ዋራንቲህ አይቃጠልም። የነገረህ ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማግነሰን ሞስ የሚባል የዋራንቲ ህግ አለ፣ 1975 የወጣ ነው፣ እሱ የሚለው አንድ አምራች "ዋራንቲ የምሰጥህ የኔን ብራንድ እቃ ከተጠቀምክ ወይም እኔ ያልኩህ ጋራዥ ካሰራህ ነው" ብሎ ሊያስርህ አይችልም፣ እንደዛ ማለት ከፈለገ እቃውንም ስራውንም በነፃ ይስጥህ፣ ካልሆነ ኤፍቲሲ ከሚባለው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ያምጣ። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ህግ ደሞ አይደለም። 2015 ላይ ኤፍቲሲ ሚኒ የሚባሉትን መኪናዎች የሚሸጠውን የቢኤምደብልዩ ክፍል በዚሁ ጉዳይ ይዞት ነበር፣ ባለመኪኖቹን የሚኒ እቃ ካልተጠቀማችሁና ሚኒ ዲለር ካልሄዳችሁ ዋራንቲ የለም ብሏል ተብሎ፣ ኩባንያው ይሄን እንዲያቆም ተስማምቷል። 2022 ላይ ደሞ ሃርሊ ዴቪድሰን የሞተር ሳይክል ኩባንያ ላይ ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል። አንተ ነፃ የተሰራልህ የመጀመሪያው 2 አመት ወይም 25,000 ማይል ድረስ ቶዮታ ራሱ ከፍሎልህ ስለሆነ ነው፣ ከዛ በኋላ የት እንደምትሄድ ያንተ ምርጫ ነው፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው የዋራንቲ መፅሄትም ሰርቪሱን የፈለግከው ጋራዥ ወይም አንተ ራስህ መስራት እንደምትችል ይናገራል፣ ከዳሽቦርዱ ስር ያለውን ኪስ ክፈትና አንብበው።

አሁን ደሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔ ያሳሰበኝ ዲለሩ ያለህ አይደለም በየ10,000 የምትለዋ ናት።

ጓደኞችህ የነገሩህ ውሸት አይደለም፣ 0ደብልዩ-16 ወይም 0ደብልዩ-20 የሚባለውን ቀጭን ሲንተቲክ ዘይት የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ቶዮታዎች 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ነው የተፃፈላቸው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ግን እዛው መፅሄት ላይ ለየት ላለ አነዳድ የተፃፈ ሌላ መስመር አለ፣ እሱም 5,000 ማይል ወይም 6 ወር ይላል። እነማን ናቸው ካልከኝ አቧራ መንገድ የሚነዱ፣ ተጎታች የሚጎትቱ፣ በረዶ ብርድ ላይ ከ5 ማይል ያነሰ መንገድ የሚመላለሱ፣ እና ሞተር አስነስተው ለረጅም ጊዜ የሚቆሙ ወይም ረጅም መንገድ በዝግታ የሚነዱ፣ ለምሳሌ ብሎ የጠቀሰው ደሞ ፖሊስ፣ ታክሲና ቤት ለቤት ዴሊቨሪ ነው። ታክሲ ይላል ወንድሜ። አንተ ነህ እሱ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሬገን ኤርፖርት ሆልዲንግ ሎት ላይ ተራ ስትጠብቅ ማይሉ አይቆጥርም ሞተሩ ግን ሂተር ወይ ኤሲ ስላለ ይነሳል ይጠፋል ይነሳል ይጠፋል። ሃይብሪድ ሲሆን ደሞ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሊጠፋ ይችላል፣ ሞተር በደንብ ካልሞቀ ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ከሚቃጠለው ነዳጅ የሚመጣው እርጥበትም ተኖ መውጣት ሲገባው እዛው ይቀራል። ዘይት ማለት ዝም ብሎ የሚያልቅ ቅባት አይደለም፣ ውስጡ ቆሻሻ የሚያጥብ፣ አሲድ የሚገድል፣ ብረት ለብረት እንዳይፋጭ የሚሸፍን ኬሚካል አለው፣ የሚያልቀው እሱ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ መጠኑ ልክ ሆኖ ስራው ግን የለም፣ ቀስ በቀስ እንደ ሙጫ መሆን ይጀምርና ቀጫጭኖቹን የዘይት መተላለፊያዎች ይዘጋል፣ በዚህ ዘመን ሞተር ላይ ያሉት መተላለፊያዎች ደሞ በጣም ጠባብ ናቸው።

ስለዚህ ነገ ሞተሩ ቢበላሽና ዲለሩ ወረቀትህን ቢጠይቅህ፣ በየ10,000 የቀየርክ የኡበር ሹፌር መሆንህን ካየ ራሱ ኩባንያው የፃፈውን መስመር ይከፍትልሃል። ያኔ ህጉ አያድንህም፣ ህጉ የት እንደምትሄድ ነፃ አወጣህ እንጂ መቼ እንደምትቀይር አላወጣህም። ከዛሬ ጀምሮ በየ5,000 ቀይር፣ ባለፈው አትጨነቅ።

ሌላው ወረቀት ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቤተሰብ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ሰርቪስ የማይዘል ሰው ነው፣ ዘይቷን በጊዜው ነበር የሚቀይራት፣ ግን በካሽ እየከፈለ ደረሰኝ ሳይቀበል፣ ጋራዡም የሚያውቀው ሰው ስለሆነ አይፅፍለትም። ሞተሩ 48,000 ላይ መንኳኳት ሲጀምር ዲለር ወሰዳት፣ የዘይት ታሪክ አምጣ አሉት፣ አንዲት ወረቀት አልነበረውም። ጋራዡ ምስክር ሊሆንለት ሄዶ ነበር፣ ሰውየው መቼ መቼ እንደቀየረለት እሱም በቃሉ ነው የሚያስታውሰው። ከኪሱ ነው ሞተር ያስገባው። ያን ቀን ፊቱን አይቼ ከዛ ወዲህ ለማገኘው ሰው ሁሉ ይሄን ነው የምናገረው።

ታማኙ ጋራዥህ በየጊዜው የሚሰጥህ ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የዘይቱ አይነትና ስንት ኳርት እንደገባ፣ የፊልትሮው ቁጥር መኖር አለበት። "ኦይል ቼንጅ 60 ዶላር" ብቻ የተፃፈበት ወረቀት ብዙም አይጠቅምህም። ወረቀቱን ስትቀበል እዛው ቆመህ ፎቶ አንሳው፣ የደረሰኝ ቀለም መኪና ውስጥ ፀሀይ ሲያገኘው ይጠፋል። በካርድ ብትከፍል ደሞ ባንኩ ራሱ ቀኑን ይይዝልሃል።

እና አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር፣ 41,000 ላይ ከሆንክ ከባምፐር እስከ ባምፐር የሚባለው የ3 አመት ወይም 36,000 ማይል ዋራንቲ አልቆልሃል፣ ማይሉ ቀድሞታል። የቀረህ ሞተርና ካምቢዮ የሚሸፍነው 5 አመት ወይም 60,000 ማይል ነው፣ ሃይብሪድ ክፍሎቹ 8 አመት ወይም 100,000፣ ባትሪው 10 አመት ወይም 150,000። አንተ በምትነዳው አነዳድ 60,000 ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የሚያንኳኳ፣ የሚያፈስ፣ ዘይት የሚጎድል ነገር ካለ አሁኑኑ አሳያቸውና ወረቀት ላይ እንዲፅፉልህ አድርግ፣ 60,000 ሳይሞላ የተመዘገበ ቅሬታ በኋላ ክርክር ሲመጣ ትልቅ ጉልበት ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። 2021 ራቭ ፎር አለችኝ፣ ልጄ ዩቲዩብ አይቶ ግቢያችን ውስጥ ራሱ ዘይት ይቀይርልኛል፣ እኔ ደሞ ልቤ ይፈራል። ዋራንቲውን አበላሸብኝ ወይ? ልጁን ማሳዘን አልፈለግኩም።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ምንም አላበላሸም፣ እንዲህ አይነት ልጅ ይባረክ። ባለቤቱ ቤቱ የቀየረው ዘይት ይቆጠራል፣ ማስረጃ ካለው። ዘይቱንና ፊልትሮውን የገዛበትን ደረሰኝ አይጣል፣ አንድ ደብተር ይያዝና በቀየረ ቁጥር ቀንና ማይል ይፃፍ፣ ሲቀይር ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማይል በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የደረሰኙ ቀን ከደብተሩ ቀን ጋር መቀራረብ አለበት፣ በአንድ ቀን የተገዛ ስድስት ፊልትሮና በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ካዩ ይጠረጥራሉ።

ለልጁ ደሞ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ያቺ መኪና 2.5 ሞተር ከሆነች 4.8 ኳርት ነው የምትይዘው፣ የሚገዛው ጀሪካን ደሞ 5 ኳርት ነው፣ ሙሉውን አይገልብጥ ትንሽ አስቀርቶ በመለኪያው ዘንግ ይይ። ሁለተኛው ደሞ የድሮው ፊልትሮ ሲፈታ ጎማዋ ሞተሩ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች አንዳንዴ፣ ሳያይ አዲሱን ካሰረበት ሁለት ጎማ ተደራርቦ መንገድ ላይ ዘይቱ በሙሉ ይፈሳል፣ ብዙ ሞተር እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። አሮጌውን ዘይት ደሞ ቦይ ውስጥ እንዳይደፋው፣ አውቶዞን ወይም ኦራይሊ ቢወስደው በነፃ ይቀበሉታል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ እያለሁ ሹፌር ነበርኩ፣ 20ደብልዩ-50 ነበር የምንጨምረው ወፍራም ዘይት። እዚህ መጥቼ ያየሁት 0ደብልዩ-16 ግን ውሃ ነው የሚመስለው፣ ሞተሩን አይበላውም? ወፈር ያለ ብጨምር ዋራንቲ ይነካል?

መልስ፦ ስጋትህ ይገባኛል፣ ወፍራም ዘይት ለሞተር ጥሩ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለድሮዎቹ ሞተሮች፣ ብዙ ለሰሩትና ክፍተታቸው ለሰፋው፣ እውነት ነበር። ቁጥሩ የሚለው ይሄን ነው፣ ከደብልዩው በፊት ያለው በብርድ ጊዜ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ነው፣ ትንሽ ሲሆን ጠዋት ሞተር ስታስነሳ ቶሎ ላይ ይደርሳል፣ ሞተር ደሞ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይበልጥ ይበላል። ኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ሲሞቅ፣ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ነው። አዲሱ ሞተር ሲሰራ የብረቶቹ ክፍተት፣ የዘይት ፓምፑ፣ ቫልቭ የሚያስተካክለው ክፍል ሁሉ በዛ ቅጥነት ተለክቶ ነው የተሰራው።

ዋራንቲውን በተመለከተ ወፍራም ዘይት ብቻውን ዋራንቲ አይሰርዝም፣ አምራቹ ጉዳቱ ከዘይቱ መምጣቱን ማሳየት አለበት። ግን ሞተሩ ከዘይት ጋር በተያያዘ ቢበላሽና ውስጡ 20ደብልዩ-50 ቢገኝ ክርክሩን በእጅህ ሰጠሃቸው ማለት ነው። 0ደብልዩ-16 ካጣህ የቶዮታ ማኑዋል 0ደብልዩ-20 ይፈቅዳል፣ በሚቀጥለው ቅያሪ ወደ 0ደብልዩ-16 እንድትመለስ ነው የሚለው። ጀሪካኑ ላይ ደሞ የዘይቱን ጥራት ደረጃ የሚያሳየውን ክብ የኤፒአይ ማህተም እይ፣ ውስጡ ኤስፒ ወይም ከሱ በኋላ የመጣው ኤስኪው ካለ ለዚህ ዘመን ቤንዚን ሞተር ይሆናል። ዘይቱ መጥቆሩን ደሞ አትመልከት፣ ጥሩ ዘይት ቆሻሻ ስለሚያጥብ ይጠቁራል።

ጥያቄ፦ ከማውቀው ሰው 2021 ሃዩንዳይ ገዛሁ፣ 10 አመት 100,000 ማይል ዋራንቲ አላት ብሎኝ ነው። ደሞ በየቀኑ እየተደወለ "ዋራንቲህ ሊያልቅ ነው አራዝም" ይሉኛል።

መልስ፦ የሃዩንዳይ 10 አመት 100,000 ማይል የሞተር ዋራንቲ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፣ ከግለሰብ ለገዛ ሰው 5 አመት 60,000 ነው የሚሆነው። ራሱ ሃዩንዳይ መርምሮ ሰርተፋይድ አድርጎ ከሸጠው ግን የ10 አመቱ ይመለሳል። ለታክሲ ወይ ለዴሊቨሪ የዋለችም ከ10 አመቱ ውጪ ናት። ሻጭህ ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ብቻ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ዲለር ሄደህ ስንት ቀን እንደቀረ አስወጣ።

የሚደውሉልህ ሰዎች የፋብሪካው አይደሉም፣ ኤፍቲሲ ራሱ ስለነሱ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። የሚሸጡት ዋራንቲ አይደለም፣ የሰርቪስ ኮንትራት ነው፣ የራሱ ውልና የራሱ የማያካትታቸው ነገሮች ያሉት። ካርድህን በስልክ አትስጥ። መግዛት ከፈለግክም ውሉን ተቀብለህ ስለ ዘይት ቅያሪ የሚለውን ገፅ ሳታነብ አትፈርም፣ ከፋብሪካው የጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው። እዚህስ ህጉ ይሰራል?

መልስ፦ የአሜሪካው ህግ እናንተ ጋ አይደርስም ግን የራሳችሁ አላችሁ። የአውሮፓ ህብረት የ2010 ደንብ፣ እስከ ግንቦት 2028 ድረስ የተራዘመው፣ እና አብረውት የወጡት መመሪያዎች አምራቹ ዋራንቲውን የራሱ ጋራዥ ከመሄድ ጋር እንዳያስር ያደርጋሉ። ሰርቪስ ቡኩ ይታተም ወይ በኮምፒውተር ይመዝገብ፣ ዘይቱ ማኑዋሉ የሚጠይቀውን ደረጃ (ኖርም የምትሉትን) ያሟላ፣ ፎልክስዋገን ከሆነ ለምሳሌ 504 00 ወይም 507 00 የሚል ሊሆን ይችላል። አንድ ልዩነት አለ ግን፣ ዋራንቲ ካለቀ በኋላ አምራቹ በፈቃዱ የሚረዳበት ኩላንስ የምትሉት ነገር ብዙ ጊዜ ዲለር ጋ ሰርቪስ ላደረገ ነው የሚሰጠው፣ እሱ መብት አይደለምና ውድ መኪና ከያዝክ አስብበት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ከቻይና የገባ የፎልክስዋገን አይዲ 4 ኤሌክትሪክ ገዛሁ፣ ጋራዥ ስወስዳት 5,000 ኪሎ ሜትር ስለሞላች ዘይት ትቀየር አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ ገንዘብሽን ያዢ። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፣ የዘይት ፊልትሮም የለውም። ያለው የማርሽ ዘይት ነው፣ እሱም በ5,000 የሚቀየር ነገር አይደለም። የሚታየው የፍሬን ዘይት፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ጎማና የአየር ፊልትሮ ነው፣ ማቀዝቀዣውን ደሞ ማኑዋሉ ካዘዘው አይነት ውጪ እንዳይቀላቅሉብሽ፣ ውሃም እንዳይጨምሩበት። መኪናዋን ያስገባት ሰው ዋራንቲ አለ ካለ በፅሁፍ ማን እንደሚሰራት ጠይቂው፣ የፎልክስዋገን ስም ስላለባት ብቻ ኩባንያው አዲስ አበባ ላይ ተጠያቂ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ፣ ታክሲ ነኝ። ሞተሬ 52,000 ላይ ነክሶ ቆመ፣ ዲለሩ "ዘይት አልቀየርክም ውስጡ ዝቃጭ ነው፣ ዋራንቲ የለም" ብሎኛል። ዘይት ግን ቀይሬያለሁ። አሁን ሞተሩን ለመክፈት ፈርም እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ ግን አትፈርም ገና። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚለው ሞተሩን ከፍተን ዋራንቲ የማይሸፍነው ሆኖ ከተገኘ የመክፈቻውን ብር አንተ ትከፍላለህ ነው፣ ስንት እንደሆነ ቁጥሩ ይፃፍበት። እምቢ ያሉበትን ምክንያት በፅሁፍ ጠይቅ፣ ማን እንደወሰነ፣ የትኛውን የዋራንቲ ገፅ እንደጠቀሱ፣ በአፍ የተነገረህን ተቀብለህ አትውጣ። ከዛ ዘይት የቀየርክባቸው ቦታዎች ሁሉ ደውል፣ ብዙዎቹ በታርጋ ወይ በሻንሲ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይይዙታል አንተ ወረቀቱን ብትጥለውም፣ ካርድ ከተጠቀምክ የባንክህን ዝርዝር አውጣ። ከሞተሩ የሚወጣው ዘይትም ፊልትሮውም እንዳይጣል በፅሁፍ ንገራቸው፣ የዘይቱን ናሙና ላብራቶሪ ልከህ ማስመርመር ትችላለህ፣ ውድ አይደለም፣ ካንተ ወገን የሆነ መካኒክም ሞተሩ ሲከፈት አብሮ ይቁም።

ዲለሩ የመጨረሻ ቃል የለውም፣ ዋራንቲውን የሰጠህ አምራቹ ነው፣ የደንበኛ መስመሩ ላይ ደውለህ የጉዳይ ቁጥር አስከፍት። እሱም እምቢ ካለ የዋራንቲ መፅሄቱ ጀርባ ላይ የአርቢትሬሽን (የግልግል ዳኝነት) አድራሻ ካለ በሱ፣ ከዛ ለኤፍቲሲና ለኔቫዳ አቃቤ ህግ የሸማቾች ክፍል አቤት በል። ግን ቅድም ለአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ያልኩት ላንተም ይሰራል፣ ታክሲ ስለሆንክ መፅሄትህ ላይ እንደ ቶዮታው 5,000 ያለ መስመር ካለ እሱን ነው የሚያነሱብህ፣ ስለዚህ ወረቀቶችህን በማይል ቅደም ተከተል ደርድርና በመካከላቸው ስንት ማይል እንዳለ መጀመሪያ አንተ ቁጠረው። የእምቢታውን ደብዳቤ ሲሰጡህ የሻንሲ ቁጥሩን ሸፍነህ ለአምዱ ላክልኝ፣ መልሱን አብረን እንፅፋለን።